ቢላ ለመሥራት መጀመሪያ ግራይንደር አይገዛም

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቤታቸው ቢላ እየሠሩ ስለሚሸጡ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ልጆቹ ለራሳቸው ሥራ ፈጥረዋል። የሚሠሩትም ሰው የሚፈልገውን ነገር ነው። ፎቶው ግን ጨርሶ አላማረኝም። ልጁ ቁጢጥ ብሎ ባሌስትራውን፣ የመኪና ክብደት የሚሸከመውን የሞላ ብረት፣ በእግሩ ረግጦታል። ዲስክ እያሽከረከረ ብረት የሚቆርጠው ግራይንደሩ መከለያ የለውም። የገባበት ዲስክ ለማሽኑ ከተሠራው በጣም ይበልጣል። ዓይኑ ላይ ያደረገው የፀሐይ መነጽር ነው። ጽሑፉ ደግሞ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ግራይንደር ይግዛ ይላል። እዚህ ላይ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ጽፌያለሁ፤ ቦታ ካላችሁ አውጡልኝ።

እኔ ዕድሜዬን በቶርኖ ቤት፣ ብረት እያዞሩ በሚቀርጹበት ወርክሾፕ፣ የጨረስኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ኮልፌ ባለው ቤቴ ጓሮ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቢላ እሠራለሁ። ደንበኞቼ የሰፈር ልኳንዳ ቤቶችና የባለቤቴ የእድር ጓደኞች ናቸው። እውነቱን ለመናገር ከልኳንዳዎቹ ይልቅ እድርተኞቹ ያስቸግሩኛል። ሽንኩርት እየጨፈለቀ የሚከትፍ ቢላ ይዘው ይመለሳሉ፤ ይቅርታም የላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ይመጣሉ። ሁሉም መጠየቅ የሚወዱት ስለ ማጠንከር ነው። እሳቱን፣ ዘይቱን፣ ጭሱን ይወዱታል። ስለ መቁረጥ የሚጠይቅ የለም። ጣት የሚሄደውና ዓይን የሚጠፋው ግን እዚያ ላይ ነው። ገንዘብም የሚባክነው እዚያው ነው።

ከመቁረጥ በፊት የሚቆረጠው ይታወቅ። ፌሮ ቢላ አይሆንም። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ቢያግሉትና ዘይት ውስጥ ቢነክሩት ስለት የሚይዝ ጥንካሬ አያገኝም። ገበያ ላይ የሚያብረቀርቅ የፌሮ ቢላ ሞልቷል፤ አንድ በግ ሳይጨርስ ይደንዛል። ባሌስትራ ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካኖቹ ስያሜ 5160 የሚባለው የባሌስትራ ብረት ከ0.56 እስከ 0.64 በመቶ ካርቦን አለው፤ ትንሽ ክሮሚየምም ይጨመርበታል። የቻይናው 60ሲ2ኤምኤን በክሮሚየም ፋንታ ሲሊከን ይበዛበታል፤ ካርቦኑ ግን ያው ነው። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የተጣለ ባሌስትራ ስታነሱ የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ሰው የለም። ስለዚህ ጫፉን ቆርጣችሁ ሞክሩ። አግሉት፣ ዘይት ውስጥ ንከሩት፣ ከዚያ ሞረድ አሂዱበት። ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ብረት ጨምድዶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ በመዶሻ ስበሩት። የተሰበረው ፊት እንደ ጥሩ ስኳር ደቃቅ ከሆነ ደህና ብረት ነው።

አሮጌ ባሌስትራ ሌላም ጣጣ አለው። ጉድጓዳችንን ሲዘል የኖረ ብረት ነው። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይኖረዋል፤ በተለይ መሐል ላይ ቡሎን በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ። እኔ ያንን ክፍል ቆርጬ እጥለዋለሁ። የቀረውን ደግሞ በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ ነጭ ጋዝ ቀብቼ አሳድረዋለሁ። ጠዋት በጨርቅ እስኪደርቅ እወለውልና የተፈጨ ጠመኔ እነሰንስበታለሁ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ቀስ እያለ ይወጣና ጠመኔው ላይ እርጥብ መስመር ይሠራል። ይህን የተማርኩት ከቶርኖ ቤት አለቃዬ ነው። የክራንክ ዘንግ ስንጥቅ የሚፈልገው በዚሁ ዘዴ ነበር። የሚያስወጣው ወጪ ከቡና አይበልጥም።

ስለ ውፍረትም ልበል። የፒክ አፕ ባሌስትራ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። የጭነት መኪና ከዚያም ይወፍራል። ቁርጥ የሚቆርጥ ቢላ ግን ጀርባው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃዋል። ጥሬ ሥጋ በወፍራም ቢላ አይቆረጥም፤ ይቀደዳል። ልጆቹ ይህን ሁሉ ትርፍ ብረት በግራይንደር እየፈጩ አቧራ ያደርጉታል። ዲስክ ያልቃል፣ መብራት ይቆጥራል፣ ሳንባም ይከፍላል። ለወጥ ቤት ቢላ ከሆነ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤቶች የጣሉትን ትልቅ ክብ መጋዝ ፈልጉ። ከመጀመሪያውም ስስ ነው። ጥርሱ ላይ ሌላ ጠንካራ ብረት የተበየደበት ከሆነ ያንን ጫፍ ቆርጣችሁ አስወግዱ። ባሌስትራውን ለገጀራ፣ ለመጥረቢያና ለአጥንት መስበሪያ ተዉት። ወይም ለቀጥቃጭ ሰጥታችሁ አስሳሱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልጆቹ ግራይንደር የሚገዙት ሰጌቶ፣ ማለትም የእጅ ብረት መጋዝ፣ ባሌስትራ አይቆርጥም ብለው ነው። አንዱ ባለፈው ክረምት መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሰጌቶ እኮ ይንሸራተትበታል፤ ምላጩ ሁለት ጊዜ ስቤው ራሰ በራ ሆነ» አለኝ። ልክ ነው። ባሌስትራ ከፋብሪካ ሲወጣ ጠንክሮ ነው የሚወጣው። በሮክዌል፣ የብረት ጥንካሬ በሚለካበት ልኬት፣ ከ40 በላይ ነው። በዚያ ላይ ተራ ምላጭ ብትስብ ጥርሱ ማለቁ ነው። ችግሩ ግን የሰጌቶው አይደለም። ብረቱን ሳያለዝቡ መጀመራቸው ነው።

ማለዘብ ከባድ ሥራ አይደለም። ከሰል፣ ከሰሉን የሚነፋ ነገርና ጥላ ያለበት ቦታ ይበቃል። ለመንፊያ አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ከቧንቧ ጋር አያይዞ መጠቀም ይቻላል። ወናፍ ያለው በወናፍ ይንፋ። ጥላ ያልኩት በምክንያት ነው። ፀሐይ ላይ የብረት ቀለም ያታልላል። ቀይ የሆነው ጥቁር ይመስላልና ስትጨምር ስትጨምር ታቃጥለዋለህ።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ነው። ብረቱን ማግኔት እስከማይስበው ድረስ ታግለዋለህ። ያ ወደ 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ትንሽ ጨምረህ ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብረህ ታሳድረዋለህ። አመዱ ብዙ መሆን አለበት፤ እርጥበትም ሊኖረው አይገባም። ስስ ብረት ከሆነ ብቻውን አትቅበረው፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል። አንድ ወፍራም የጋለ ብረት አጠገቡ አስተኝተህ አብረህ ቅበር። ባለቤቴ የምጣድ አመዷን ስለምወስድባት ብዙ ተነጋግረናል፤ አሁን የራሴ ባልዲ አለኝ።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያወራው ነው። እኔ ግን ለመጋዝ ሥራ ይህን እመርጣለሁ። ብረቱን እስከዚያ ድረስ ማጋል አያስፈልግም። ከፊል ጨለማ ውስጥ ገና ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን አቁም። ከ650 እስከ 700 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ማግኔት አሁንም ይስበዋል። እዚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ አቆየውና እሳቱ አብሮት እስኪበርድ ተወው። ክሮሚየም ያለበት ብረት ከማግኔት በላይ ግሎ አመዱ በደንብ ካልያዘው፣ ሲበርድ እዚህም እዚያም ጠንካራ ቦታ ያበጃል። በዝቅተኛው ሙቀት ግን ያ ጣጣ የለም። ፋብሪካው ያጠነከረውን ብቻ ትፈታዋለህ። ለቢላ ደግሞ በኋላ እንደገና ስለምታጠነክረው የሚጎድልብህ ነገር የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ነጭ ዚንክ የተለበጠ ብረት እሳት ውስጥ አይገባም። የቧንቧ ብረት፣ የአጥር ብረት፣ የሚያብረቀርቅ ቡሎን እንዲህ ነው። ጭሱ ያሳምማል። ቢላ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ምንም አይጠቅመውም።

ብረቱ ከለዘበ በኋላ ሰጌቶ ደስ ይላል። ምላጭ ሲገዛ የጥርሱ ቁጥር ይታይ። በአንድ ኢንች 18፣ 24 ወይም 32 ጥርስ ተብሎ ምላጩ ላይ ይጻፋል። ደንቡ ቀላል ነው። በማንኛውም ጊዜ ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት። ከ3 ሚሊ ሜትር በትንሹ ለሚወፍር ብረት ባለ 24 ይሆናል። 6 ሚሊ ሜትር ለሆነ ባሌስትራ ባለ 18 ይሻላል፤ ሰፊው ጥርስ የተቆረጠውን ብናኝ ይዞ ይወጣል። ለስስ ላሜራ ባለ 32። ሰፊ ጥርስ ስስ ብረት ላይ ከሄደ ጥርሱ ይያዝና ይረግፋል። የሰፈር ሱቅ ሲጠየቅ «ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም።

የጥርሱ አቅጣጫ ወደፊት ይሁን። ስትገፋ ይቆርጣል። ስትመልስ ጫናውን አንሳ፤ ወደኋላ እየጎተቱ መጫን ጥርስ መጨረስ ነው። በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ምልልስ ይበቃል። ልጆቹ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያፈጥኑታል። ፍጥነቱ ጥርሱን ያሞቀዋል፤ የሞቀ ጥርስ ደግሞ ይዶለዱማል። ሙሉ ምላጩን ተጠቀም፤ መሐሉን ብቻ አትጨርስ። ጥቂት ከሳብክ በኋላ ማጥበቂያውን እንደገና አጥብቀው፤ አዲስ ምላጭ ሲሞቅ ይላላል። ዘይት ጠብ አድርግበት። ምላጩ መሐል መንገድ ላይ ካለቀ አዲሱን በአሮጌው መንገድ አታስገባ። ያለቀ ምላጭ የሚከፍተው መንገድ ጠባብ ነው፤ አዲሱ ይቀረቀርና ይሰበራል። ብረቱን ገልብጠህ ከሌላው ወገን ጀምር።

ቢላ ቀጥ ያለ ነገር አይደለም ይሉኛል። ሆዱን እንዴት በሰጌቶ ትቆርጣለህ? አትቆርጠውም። ቅርጹን ካርቶን ላይ ሣል፣ ብረቱ ላይ አስቀምጥና ዙሪያውን በሹል ሚስማር ጫር። ማርከር አትመነው፤ ዘይት ያጠፋዋል። ከዚያ ከውጭ በኩል እስከ መስመሩ ድረስ ብዙ ቀጥ ያሉ ቅዶች አስገባ፤ ልክ እንደ ማበጠሪያ። አንድ ሚሊ ሜትር ሲቀር ቁም። በቅዶቹ መካከል የቀሩትን ጥርሶች በፒንሳ እያጠፍክ ስበራቸው። የቀረውን ሞረድ ይጨርሰዋል። ረጅም ቁመት መሰንጠቅ ካስፈለገ ምላጩን በክፈፉ ላይ 90 ዲግሪ አዙረህ ማሰር ይቻላል። አብዛኛው ክፈፍ ይፈቅዳል፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም።

ጠባብ ኩርባ ላይ ቀዳዳ ይሻላል። በመስመሩ ውጭ 5 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ የድሪል መብሻ፣ ይዘህ ቀዳዳዎቹን ተጠጋግተው ደርድር፤ በመካከላቸው አንድ ሚሊ ሜትር ይቅር። መጀመሪያ እያንዳንዱን ነጥብ በሹል ብረት ምታው፤ አለበለዚያ ፑንታው ይንሸራተታል። ድሪሉን ቀስ አድርገህ፣ በደቂቃ ከ1,000 ዙር በታች፣ ዘይት እየጨመርክ ብሳ። በአንዱ ቀዳዳና በሌላው መካከል የቀረውን በብረት መሮ ቁረጥ። ድሪል ላይ ግን የጨርቅ ጓንት አይደረግም። የሚሽከረከር ነገር ጓንት ከያዘ እጅ ይዞ ነው የሚሄደው። ልጆቹ ጓንት ሁልጊዜ ደኅንነት ይመስላቸዋል።

ስለ መሮ ካነሳሁ፣ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ እዩ። በርሜል በመሮና በመዶሻ ሲቆርጡ መስመራቸው ከማሽን አያንስም። የለዘበ እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ብረት በሞርሳ አፍ ላይ በመሮ ይቆረጣል። መስመሩን ከሞርሳው አፍ ጋር እኩል አድርገህ እሰር። መሮውን በአፉ ላይ አጋድመህ ከዳር ጀምሮ ምታ፤ አንዱ የሞርሳው አፍ እንደ መቀስ ያግዝሃል። ጩኸቱ ይበዛል፤ ግን ፈጣን ነው። የመሮው አናት እንደ እንጉዳይ ከተዘረጋ ግን ሞርደው። ከዚያ የምትፈናጠር ቁራጭ አንገት ትበሳለች።

ሌላ ሁሉም የረሳው መንገድ አለ፤ ብረት በትኩሱ መቁረጥ። ቀጥቃጮቻችን መጋዝ ሳይኖራቸው የኖሩት በዚህ ነው። ብረቱ ደማቅ ብርቱካን ሲሆን መስፍ በሚሉት መቀጥቀጫ ብረት ላይ አስተኝተው መሮ ያሳርፉበታል፤ በጥቂት ምት ያልቃል። ልክ ሊበጠስ ሲል ብረቱን ወደ መስፉ ዳር ይወስዱታል፤ መሮው መስፉን እንዳይነካ። ቀዩ ከጠፋ በኋላ የሚመታ ሰው ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ይህን ጥበብ የያዙ ሰዎች ዘመናቸውን ሲሰደቡ ኖሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ግን እኔ ልጅ ሳለሁም አልጠፋም። አሁን ወጣቶቹ ቢላ ሠርተው ፎቶ ሲነሱ ሳይ ደስ የሚለኝ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ባሕላዊ ቀጥቃጭ በአካባቢያችሁ ካለ ሂዱና ቁርጡን አሠሩት። ገንዘቡም ለሚገባው ሰው ይሄዳል።

ግራይንደር አልጠላም። አለኝ። ወፍራም ባሌስትራ ለመክፈል፣ ጫፉ ላይ የተጠቀለለውን ዓይኑን ለመቁረጥ፣ ሥራ ሲበዛ እጠቀምበታለሁ። የማወራው ስለ ፎቶው ነው። አነስተኛው ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይዞራል። ለ115 ወይም ለ125 ሚሊ ሜትር ዲስክ የተሠራ ነው። የ125 ዲስክ ላይ አንብቡ፤ ከ12,200 ዙር ገደማ በላይ አይዙር ይላል። ትልቁ የ230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ግን የተፈቀደለት 6,600 ገደማ ነው። ልጆቹ መከለያውን የሚፈቱት ይህን ትልቁን ትንሹ ማሽን ላይ ለማሰር ነው። ሒሳቡን ሥሩ። በ11,000 ዙር የ230 ዲስክ ጠርዝ በሰከንድ 132 ሜትር ይሮጣል። ዲስኩ የተሠራው ለ80 ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ ሲፈነዳ ቁራጩ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይመርጥለትም። መከለያ ያለው ሰው ድንጋጤ ያገኘዋል። የሌለው ፊቱን ያጣል።

ዲስክ ዕድሜም አለው። መሐሉ ላይ ያለውን የብረት ቀለበት ተመልከቱ። ወርና ዓመት ተቀርጾበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተመረተ 3 ዓመት ነው። የሚያጣብቀው ሙጫ ከጊዜና ከእርጥበት ጋር ይደክማል። በርካሽ የሚሸጥ ዲስክ ስታዩ መጀመሪያ ቀለበቱን አንብቡ። መሬት የወደቀ ዲስክም ይጣል፤ ስንጥቁ አይታይም። አዲስ ዲስክ ያሰርክ ጊዜ ፊትህን ዞር አድርገህ አንድ ደቂቃ በባዶ አሽከርክረው። ሊፈነዳ ከሆነ ያኔ ይፈንዳ።

ሲቆረጥ ደግሞ ብረቱ በሞርሳ ወይም በክላምፕ ይታሰር፤ በእግር አይረገጥ። ተቆርጦ የሚወድቀው ወገን ነጻ ይሁን። ሁለቱ ዳር ተደግፎ መሐሉ ከተቆረጠ ብረቱ ወደ ውስጥ ጎንበስ ይልና ዲስኩን ይነክሰዋል። ያኔ ማሽኑ ወደ ሰውየው ይዘላል። በመጀመሪያ ቀለል አድርገህ መስመሩን በሙሉ ጫረው፤ ከዚያ እየመላለስክ አጥልቀው። በአንዴ አታስምጠው። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ዲስክ ቀጥ ላለ መስመር ብቻ ነው፤ ኩርባ ልዙርበት ያለ ሰው ይሰብረዋል። በጎኑም አይሞረድበትም፤ ለዚያ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ወፍራም መሞረጃ ዲስክ አለ። የጎን እጀታው ይታሰር፤ በሁለት እጅ ይያዝ። የሚመታ ነገር የሚችል መነጽር፣ ከላዩ የፊት መሸፈኛ፣ የጆሮ መከላከያ። ጋቢና ሹራብ ይውለቁ። ናይሎን ልብስ ፍንጣሪ ሲነካው ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ዓይን ውስጥ ብናኝ ከገባ በጨርቅ ጫፍ አይወጣም፤ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይኬዳል።

አንድ ክርክር ደግሞ አለ፤ በየቅዳሜው ይነሳል። ግራይንደር ሲቆርጥ ጠርዙ ሰማያዊ ሆነ፣ ብረቱ ተበላሸ ይላሉ። መልሱ ብረቱ ወደፊት በሚሆነው ላይ ነው። በኋላ ልታጠነክረው ከሆነ ሰማያዊው ምንም አይደለም፤ እሳቱ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ነገር ግን አስቀድሞ የጠነከረ ብረት፣ ለምሳሌ አሮጌ የማሽን መጋዝ፣ እንዳለ ቅርጽ እየሰጠኸው ከሆነ ሰማያዊ ማለት ስለቱ ለዘበ ማለት ነው። ሰማያዊ ወደ 300 ዲግሪ ነው። የቢላ ስለት ከገለባ ቀለም፣ ከ220 ገደማ በላይ ባያይ ይመረጣል። እንዲህ ዓይነቱን በባዶ እጅ ያዘው፤ እጅህን ሲያቃጥልህ ውኃ ውስጥ ንከረው። በለዘበ ባሌስትራ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል። ዲስኩ ቀጭኑን ጠርዝ ያግለዋል፣ አጠገቡ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ቶሎ ይስበዋል፣ ጠርዙ ይጠነክራል። ከዚያ ሞረዱ ይንሸራተታል፣ ፑንታው ይደንዛል። ልጁ ሞረዱን ይረግማል። ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀህ ቁረጥና ያንን ጠርዝ በመሞረጃ ዲስክ አንሳው። ካልሆነም እንደገና ደብዘዝ ያለ ቀይ አድርገህ አለዝበው።

ጎረቤትም አለ። ፍንጣሪ የሚሄድበትን ቦታ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። የግራይንደር ፍንጣሪ የመኪና መስታወት ላይ ካረፈ ይቀልጥበትና ተጣብቆ ይቀራል፤ በጥፍር አይነሳም። እርጥብ ነጭ ነጠላ ላይ ካረፈ በማግስቱ ቡናማ ነጠብጣብ ይሆናል፤ የብረት ዝገት ነው፣ በሳሙና አይለቅም። በቡታጋዝ ሲሊንደር፣ በስፖንጅ፣ በቺፑድ አጠገብ ግን ቀልድ የለም። ቆርጠህ ስትጨርስ ቶሎ ዘግተህ አትሂድ። ጥግ ላይ የገባ ፍንጣሪ ቆይቶ ነው የሚጨስ። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ግራይንደር ለሚያስነሱ ደግሞ ምን ልበል። ሰጌቶ ጎረቤት አይቀሰቅስም።

ሜሪላንድ የሚኖረው የእህቴ ልጅም በዚሁ ሥራ ተለክፏል። ጋራዡ ውስጥ በእጅ የሚያዝ ባንድ ሶው፣ መጋዙ እንደ ቀበቶ የሚዞር ማሽን፣ ከጠረጴዛ ጋር አስሮ ይቆርጣል። በቪዲዮ አሳየኝ፤ ፍንጣሪ የለም፣ ጩኸቱም ትንሽ ነው። እዚህ ይህን ማሽን ማግኘት ቀላል አይደለም። ያለን የእንጨት ባንድ ሶው ነው፤ አናጢ ቤት ሄደው ብረት እንዲቆርጡላቸው የሚለምኑ ልጆች ሰምቻለሁ። አይሆንም። ለብረት መጋዙ በደቂቃ ወደ 30 ሜትር ቢሄድ ነው የሚቆርጠው። የእንጨቱ ወደ 900 ሜትር ይሄዳል። ብረት ሲነካ ጥርሱ ወዲያው ያልቃል፤ አናጢውም ወዳጅ አይሆንም። በፕላዝማ፣ በኤሌክትሪክ በጋለ ጋዝ፣ የሚቆርጡ ወርክሾፖች አሉ። አንድ ዓይነት ቢላ በብዛት ለሚሠራ ያዋጣዋል፤ ጠርዙ ግን ስለሚጠነክር ትርፍ ተዉለት። ለአንድ ለሁለት ቢላ እዚያ መሄድ ገንዘብ መበተን ነው።

አዘጋጁ ሆይ፣ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሌላ ጊዜ የዚህን ሥራ ፎቶ ስታወጡ መከለያውን እዩ። ልጆቹ ከጽሑፉ ይልቅ ፎቶውን ነው የሚኮርጁት።

ለጀማሪው ደግሞ ገንዘቡን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያወጣ ልንገረው። መጀመሪያ ሞርሳ፤ አሮጌም ቢሆን ከባድ የሆነ፣ አፉ እኩል የሚገጥም። ቀጥሎ ሁለት ሞረድ፣ አንድ ሻካራ አንድ ለስላሳ። ከዚያ የማይጣመም ክፈፍ ያለው ሰጌቶ። ምላጭ ላይ አትቆጥቡ። ጥርሱ የጠንካራ ብረት፣ ጀርባው የሚታጠፍ ብረት ሆኖ ሁለቱ የተጋጠሙበት ዓይነት አለ። «ባይ ሜታል» ብላችሁ ጠይቁ። ሲታጠፍ ይለጠጣል እንጂ እንደ ርካሹ ከመሐል አይሰበርም። ሱቁ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አጥፉትና ሞክሩ፤ ሻጩ ቢቆጣም ግድ የለም። ድሪል ከዚያ በኋላ ይመጣል። ግራይንደር የመጀመሪያዎቹን ቢላዎች ሸጣችሁ በምታገኙት ይገዛል፤ ሲገዛም ከነመከለያው፣ ከነቁልፉ፣ ከነጎን እጀታው።

ከአክብሮት ጋር
የቶርኖ ቤት ጡረተኛ፣ ከኮልፌ